ደመወዝ ሳይሆን ካርታ ነው የለያየን

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ኢኮኖሚ ዕድገቱና ስለ ኑሮ ልዩነት ያወጣችሁትን አንብቤ ነው ይሄን የምጽፈው። ጽሁፉ አይከፋም ግን እንደ ሁልጊዜው ልዩነቱን በደመወዝ ብቻ ነው የለካችሁት፣ የባንክ ማናጀሩ ይሄን ያህል ያገኛል ጥበቃው ይሄን ያህል ምናምን። እኔ የምኖረው ሀዋሳ ነው፣ ስራዬ ሂሳብ ነው፣ ቀን ቀን የአንድ የግል ድርጅት ፔሮል (የደመወዝ ሂሳብ) እሰራለሁ፣ ማታ ማታና ቅዳሜ ደሞ የነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ፣ ከዚ በፊት ልብስ የሚሰፋ ካምፓኒ ውስጥም ሰርቻለሁ፣ ስለዚ የሁለቱንም ወገን ደብተር አያለሁ ማለት ነው። ካየሁት ተነስቼ የምላችሁ በዚ ከተማ ሰውን ከሰው የለየው ደመወዝ አይደለም፣ ዋጋ ከመናሩ በፊት በስሙ ካርታ የነበረውና ያልነበረው ነው። ሌላው ሁሉ ከዛ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ዕድገቱ ውሸት ነው የምል እንዳይመስላችሁ። ሀዋሳን ከአስራ አምስት ዓመት በፊት የሚያውቃት ሰው ዛሬ በጥቁር ውሃ በኩል ሲገባ ይደናገረዋል። ሀገሪቱ እስከ 2008 ባለው አስር ዓመት በአማካይ በዓመት ወደ 10 በመቶ ስታድግ ነበር፣ ከድህነት ወለል በታች ያለው ህዝብ በ1988 ከመቶ 45.5 ነበር በ2008 ወደ 23.5 ወርዷል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ዕድገቱ ፎቅ ብቻ ነው የሚል ሰው ስሰማ እኔንም ያናድደኛል። ልዩነት የሚለካበት ጂኒ የሚባል ቁጥር ደሞ አለ፣ ዜሮ ከሆነ ሁሉም እኩል ነው 100 ከሆነ አንዱ ጠቅልሎ ወስዶታል ማለት ነው። የዓለም ባንክ ለኛ ያስቀመጠው በ1997 29.8፣ በ2003 33.2፣ በ2008 35 ነው። ደቡብ አፍሪካ 63 ነው። ስብሰባ ላይ የሚናገሩ ሰዎች ይሄን ያነሱና እኛ እኮ ደህና ነን ይሉናል።

ግን ቁጥሩ ከምን እንደሚወጣ እዩት እስቲ። ጂኒው የተሰላው ከፍጆታ ነው፣ ሰው ምን በላ ለምን ስንት አወጣ ከሚለው። ስንት ቤት አለህ፣ የየትኛው ባንክ አክሲዮን አለህ፣ ቦታ አጥረህ አስቀምጠሃል ወይ የሚለው እዛ ቁጥር ውስጥ የለም (ደሞ ጠያቂዎቹ ሲሄዱ የባለ ትልቁ ግቢ ጥበቃ በሩን የሚከፍትላቸው ይመስላችኋል?)። ሁለት ሰው እኩል እንጀራ ሊበላ ይችላል። እውነቱን ለመናገር እኔና አከራዬ የምንበላው ብዙም አይለያይም፣ እሳቸው እንደውም ስኳር ስላለባቸው ከኔ ያነሰ ነው የሚበሉት። በዛ መለኪያ ከሄድን እኩል ነን፣ ምናልባትም እኔ እበልጣለሁ። እሳቸው ግን ሁለት ቤትና አንድ ባዶ ቦታ አላቸው እኔ ፍሪጅና አልጋ ነው ያለኝ። በዛ በፍጆታው ልኬት ራሱ ደሞ የዓለም ባንክ የድህነት ግምገማ ከ1997 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ከታች ያለው 10 በመቶ ህዝብ ፍጆታው ምንም እንዳላደገ ነው የሚናገረው፣ ያውም ኢኮኖሚው በሚሮጥበት ጊዜ።

2008ን ያዙልኝ። በዛ ክረምት ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። አንደኛው ኢንዱስትሪ ፓርካችን ነው፣ ሐምሌ ላይ ተመረቀ፣ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት፣ በቻይና ኮንትራክተር በ9 ወር ያለቀ፣ ሲሞላ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል የተባለ። ሁለተኛው የገቢ ግብር አዋጁ ነው፣ 979/2008፣ በወር ከ600 ብር በላይ የሚያገኝ ሁሉ ይክፈል ያለው። እኔ ፔሮል ስሰራ 1000 ብር የምታገኝ ልጅ ማለት ትንሽ የቆየችና ቦነስ ምናምን የጨመረች ናት፣ መነሻው ከዛ በታች ነበር። ከ1000 ብሩ 40 ብር ግብር 70 ብር ጡረታ ይነሳና 890 ትፈርማለች። ግንቦት 2011 ላይ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ መነሻው በወር 26 ዶላር ነው፣ ልብስ ከሚሰፉት ሀገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው ብሎ ሲያወጣ ሀገር ጉድ አለ፣ እኛ ፔሮል የምንሰራው ሰዎች ግን ምን አዲስ ነገር አለ ብለን ነው ያለፍነው።

ስለ 26 ዶላሩ ብዙ ተወርቷል። ስለ ማደሪያው ግን ብዙ ሲወራ አልሰማሁም። ልጆቹ ከሲዳማ ወረዳዎች ከወላይታ ከከምባታ ከጋሞ የመጡ ናቸው፣ አብዛኞቹ ገና ትምህርት የጨረሱ፣ ፓርኩ ሲከፈት ለሰራተኛው የሚሆን ቤት አብሮ አልተዘጋጀም ነበር። ስለዚ ከተማው ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ደረደረ፣ ቆርቆሮና ብሎኬት፣ አንዷ ክፍል ውስጥ አራት ልጅ፣ ሽፍት ስለሚለያይ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ እዛው ፍራሽ ላይ ትተኛለች። ካምፓኒው የቤት አበል 100 ብር ሲጨምር ክራይ 100 ብር ይጨምራል። ትራንስፖርት ሲጨምር እንደዛው። አከራዮቹ የደመወዝ ጭማሪውን ከኔ በፊት ነበር የሚያውቁት ብል አልዋሸሁም፣ ፔሮሉን የምሰራው ግን እኔ ነበርኩ። እና ጭማሪው የማን ኪስ ገባ? ባለሀብቱ ከፈለ፣ ልጅቷ ፈረመች፣ ብሩ ግቢ ላለው ሰው ሄደ።

ከዛ ህዳር 2014 ፓርኩ ውስጥ የነበረው የአሜሪካ ልብስ ካምፓኒ ፒቪኤች ለቆ ወጣ፣ ታኅሣሥ ላይ አጎዋ (ያለ ቀረጥ አሜሪካ የምንሸጥበት ዕድል) ቀረ፣ ብዙ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወደ መጣበት ተመለሰ። እኔም ከነበርኩበት የወጣሁት ያኔ ነው። ኢኮኖሚክስ ያስተማሩኝ መምህር ፍላጎት ሲቀንስ ዋጋ ይቀንሳል ይሉን ነበር፣ እኔ ባለሁበት ሰፈር ክራይ አንድ ብር አልቀነሰም። ባዶ ይቆይ እንጂ አይቀንስም፣ ምክንያቱም ቤቱ ባዶም ሆኖ ዋጋው እየጨመረ ነው፣ ባለቤቱ ተኝቶ ያድራል ቤቱ ይሰራለታል።

አከራይ ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው፣ የጡረታዋ ብር ለመድሃኒት እንኳን አትበቃም፣ በሁለት ሰርቪስ ክራይ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ እናቶችን አውቃለሁ። እኔ የምለው ስርዓቱን ነው።

ቅርብ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ሐምሌ 2017 ላይ የደመወዝ ግብር ተሻሻለ፣ ከግብር ነጻ የሆነው መነሻ ከ600 ብር ወደ 2000 ከፍ አለ፣ ጥሩ ነው፣ እንደውም በጣም የዘገየ ነው። 15,000 ብር የሚከፈለው ሰው በድሮው 3,750 ብር ይቆረጥበት ነበር በአዲሱ 3,200 ነው፣ ስለዚ 550 ብር ይተርፈዋል። እኔም እዛ አካባቢ ነኝና ደስ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ደሞ የመንግስት ሰራተኛው ደመወዝ ጭማሪ ተነገረ፣ ትንሹ ከ4,760 ወደ 6,000፣ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500። አከራዬ ዜናውን ሰምተው በነጋታው በሩን አንኳኩና «እንኳን ደስ አለህ፣ ጨመሩላችሁ አሉ» አሉኝ። ጋሼ እኔ እኮ የግል ተቀጣሪ ነኝ አልኩ። «ታክሱስ? እሱም አልቀነሰም?» አሉኝ። ታክሱን ማወቃቸው ገረመኝ። ከ550ዋ ሶስት እጥፍ ጨመሩብኝ፣ በቃ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፣ ስታመም ሾርባ የሚልኩልኝ ሰው ናቸው፣ ግን ሁሉም አከራይ ጨመረ እሳቸው ለምን ይቅርባቸው።

ይሄን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም፣ አንድ ነገር እንድታዩ ነው። የመንግስት ሰራተኛው ሲጨመርለት የግሉ ሰራተኛ ምንም ሳያገኝ ክራዩን አብሮ ይከፍላል። ለግሉ ሰራተኛ እስካሁን የደመወዝ ወለል የሚባል ነገር የለም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 ወለሉን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ጽፏል፣ ሰራተኛ ማህበራት በየሜይዴይ ይጠይቃሉ፣ አዋጁ ከወጣ ዓመታት አለፉ። ወለል ይውጣ፣ እኔም እፈልጋለሁ። ግን ቤቱ ላይ ምንም ሳይሰራ ወለሉ ብቻ ቢወጣ ቅድም እንዳልኩት ነው የሚሆነው፣ በወሩ ክራይ ሆኖ ይሄዳል። የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ እኮ አለ፣ 1320/2016፣ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል፣ አከራይ እንደፈለገ አይጨምርም ይላል። እኔ በማውቃቸው ሰፈሮች የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ዛሬም ሞልቷል፣ ህጉ እንዲህ ይላል ብትለው ህጉ ጋ ሄደህ ተከራይ ይልሃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሀብት እንዴት እንደተሰራ። በ2012 ሁለት ሰው እንውሰድ፣ ሁለቱም 100 ሺህ ብር አላቸው። አንደኛዋ ነርስ ናት፣ ከእቁብና ከደመወዝ ያጠራቀመችውን ባንክ አስቀመጠች፣ 7 በመቶ ወለድ፣ ከወለዱ ላይ 5 በመቶ ታክስ ነበረ። በአምስት ዓመት ብሯ 140 ሺህ እንኳን አይሞላም። በነዚ አምስት ዓመታት የዕቃ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ በ2014 ብቻ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚ ልጅቷ ስትቆጥብ ነው የደኸየችው፣ ምንም ሳታባክን። ሁለተኛው ሰው መቶ ሺው ላይ አባቱ ያወረሱት ቤት አለው፣ ቤቱን አስይዞ ብድር ወሰደና ፎቅ ሰራ። የብድሩ ወለድ በዛ ሰዓት ከዋጋ ንረቱ በታች ነው። አስቡት፣ የተበደረው ሰው ብድሩ በየዓመቱ እየቀለለው ነው፣ የሰራበት ብረትና ሲሚንቶ እየናረ ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ደሞ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሄደ በ2017 ከ130 አለፈ፣ የፎቁ ዋጋም አብሮ ወጣ። የተበደረው ብር የማን ነው? የነርሷ ነው፣ ባንኩ ከየት አምጥቶ ያበድራል ሌላ።

ይሄ ፈጠራ አይደለም መዝገብ ስይዝ የማየው ነው። ከደንበኞቼ አንዱ ሱቁ ሲታይ ትርፉ ከሰራተኛው ደመወዝ ብዙም አይበልጥም፣ ሶስቱን ዓመት እንደውም ኪሳራ ነበር (ለግብር ብሎ የደበቀው ሳይቆጠር፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)። ሰውዬው ግን ሀብታም ነው። ሱቁ አይደለም ሀብታም ያደረገው፣ ሱቁን አስታኮ በተበደረው የሰራው ጂ ፕላስ ቱ ፎቅ ነው። ጎበዝ ነጋዴ ሆኖ አይደለም፣ መጥፎ ሰውም ሆኖ አይደለም፣ ባንክ ሲገባ የሚያሲዘው ነገር ስለነበረው ነው። ከሱ የተሻለ የንግድ ጭንቅላት ያላት አሞራ ገደል ዓሳ የምትጠብስ ሴት አውቃለሁ፣ እሷን ባንክ በር ላይ ማን ያናግራታል። ተንቀሳቃሽ ንብረት አስይዞ መበደር ይቻላል የሚል አዋጅ አለ፣ 1147/2011፣ ከብቱም ባጃጁም ይያዛል ይላል፣ እስቲ ባጃጅህን ይዘህ ሂድና የሚሉህን ስማ።

ቆይ ግን ካርታው ራሱ ከየት መጣ? ከተማዋ የሰፋችው አየር ላይ አይደለም፣ በገበሬ ማሳ ላይ ነው፣ የበቆሎና የእንሰት ማሳ። መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው፣ ህገመንግስቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል፣ ስለዚ ገበሬው ሲነሳ የሚከፈለው ለመሬቱ አይደለም፣ ላፈራው ነገር ነው። በ1997ቱ አዋጅ 455 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው ተወስዶ በአስር ይባዛ ነበር፣ በ2011 በወጣው 1161 ወደ አስራ አምስት ከፍ ብሏል። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። የበቆሎ ገቢ በአስራ አምስት ብታባዙት ያው በቆሎ ነው። ያው መሬት ተሸንሽኖ ሊዝ ጨረታ ላይ ሲወጣ ግን የሚቆጠረው በካሬ ሜትር ነው፣ እዛ ላይ በቆሎ የሚያነሳ የለም። በመሃል ያለው ልዩነት ነው እንግዲ ሀብት የሚባለው፣ ገበሬው ጋ አልቀረም፣ ከፊሉ ለከተማው ገባ ከፊሉ መጀመሪያ ለያዘው ሰው። ካሳውን ወስደው በሁለት ዓመት ያልቅባቸውና ልጃቸው የሰው ባጃጅ በቀን ሂሳብ የሚነዳ ቤተሰቦች አሉ፣ ምክር አጥተው ነው ይላል ሰው፣ አባካኝ ናቸው ይላል። ዋጋው በየቀኑ በሚወርድ ብር ምን ይግዛ፣ የሱኑ መሬት መልሶ እንዳይገዛ ዋጋው እሱ ከተከፈለው ጋ አይገናኝም።

ታክሱም ላይ እንደዛው ነው። በ2008ቱ አዋጅ ደመወዝ እስከ 35 በመቶ ይቆረጣል፣ ያውም ከኪስህ ሳይገባ። ከአክሲዮን የሚገኝ ትርፍ ድርሻ 10 በመቶ ነበር። ህንጻ ሸጦ ያተረፈ 15 በመቶ ነበር። የቤት ክራይ በወረቀት እንደ ደመወዝ እስከ 35 ይደርስ ነበር ግን መዝገብ የማይዝ ግለሰብ ግማሹን ለወጪ ብሎ ይቀንስ ነበር፣ ደሞ ውሉ ላይ የሚጻፈው ሌላ በእጅ የሚከፈለው ሌላ ነው፣ ተከራይ ሆኖ ይሄን ያልፈረመ ካለ እጁን ያውጣ። በአዲሱ ማሻሻያም ቢሆን 35 በመቶው የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ነው። 14,000 ብር ዛሬ ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ወደ መቶ ዶላር ነው፣ እዛ ላይ ያለ መምህርና በወር ግማሽ ሚሊዮን የሚከፈለው ሰው የመጨረሻዋ ብራቸው ላይ እኩል ነው የሚቆረጥባቸው።

የንብረት ታክስ አዋጅ ጥር 2017 ላይ ጸድቋል። ሰዉ ሲሰማ ተቆጣ፣ እኔ ግን እደግፈዋለሁ፣ ምናልባት ቤት ስለሌለኝ ይሆናል። ግን ዝም ብሎ ከተሰበሰበ ወዴት እንደሚሄድ ከአሁኑ ይታየኛል፣ አከራዬ በሩን ያንኳኩና ታክስ ጨመሩብን ይሉኛል። ስለዚ ሰው በሚኖርበት አንድ ቤት ላይ ቀለል ብሎ፣ ሁለተኛና ሶስተኛው ላይ፣ በተለይ ደሞ ታጥሮ ሳር በሚበቅልበት ባዶ ቦታ ላይ ቢከብድ ነው የሚሻለው፣ ባዶ ቦታ ለማንም አከራይቶ አያካክሰውምና። ቦታው ወይ ይሰራበታል ወይ ይሸጣል፣ በሁለቱም ቤት ይበዛል። የሊዝ ህጉ 721/2004 በጊዜው ያልገነባ ሰው ቦታውን እንደሚነጠቅ ይላል፣ ታዲያ እኔ ከታቦር እስከ ሀዌላ ቱላ ስሄድ ለዓመታት ያው ቆርቆሮ አጥር ያው ዝገት ነው የማየው።

ስለዚ ከናንተ የምፈልገው ይሄ ነው። የሚቀጥለውን የዕድገት ጽሁፍ ስትሰሩ ሪፖርተራችሁን ወደ ስብሰባ አዳራሽ ብቻ አትላኩት። ሀዋሳ ላኩትና የታጠሩትን ቦታዎች ይቁጠር፣ መቼ እንደተሰጡና ለምን እንዳልተሰራባቸው ይጠይቅ፣ ባለፉት አስር ዓመታት የሊዝ ጨረታዎች ካሬው በስንት እንደሄደና ለተነሳው ገበሬ ለዛው ካሬ ስንት እንደተከፈለ ጎን ለጎን አድርጎ ያትመው። ከተሳሳትኩ ቁጥሩ ያሳፍረኛል። ሰንጠረዡን መስራት ካስቸገረው እኔ በነጻ እሰራለታለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ነኝ።

ስሜን አታውጡት እባካችሁ፣ አንባቢ ከሀዋሳ በሉት። አከራዬም ጋዜጣችሁን ያነባሉ።